ራቢያና በእጅ የተያዘው አንድ

ራቢያ ኑሩን ደብረ ታቦር ላይ የማያውቃት የለም ብል ውሸቴን ነው። ግን ገበያው አጠገብ ያለውን የልብስ ሰፊውን የአቶ ኑሩን ቤት የሚያውቅ ሁሉ «ያች ለፍላፊዋ ልጃቸው» ሲባል ወዲያው ይገባዋል። ባጃጅ ከተሳፈረች እስክትወርድ ድረስ ሹፌሩን ስለ ኮምፒውተር ሆድ ዕቃ ታስተምረዋለች፤ ምስኪኑ መልስ መስጠት ረስቶ የሚሄድበት ቀን አለ። ሠላሳውን አልፋለች፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዲጂታል ሰርኪት መምህር ናት። ስታስተምር ጠመኔው ይሰበራል፣ ሻርፗ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ድምጿ ሌላው ሕንፃ ድረስ ይሰማል። ተማሪዎቿ ይሥቁባታል፤ ከሷ ክፍል የሚቀር ግን የለም።

ይህች ሴት አንድ ቁጭት ነበረባት። ባሕር ዳር ተምራ ስትጨርስ አዲስ አበባ ሥራ ተገኝቶላት «አልሄድም፣ እዚሁ አገሬ ላይ ሠርቼ አሳያችኋለሁ» ብላ የቀረች ናት። ምን ልትሠራ? ቺፕ! ያችን በየስልካችን ሆድ የተሸጎጠችውን፣ ከጥፍር የምታንሰውን ነገር። ሰው ሣቀባት። እሷም ዓመት በመጣ ቁጥር ሰርኪቱን ሰሌዳ ላይ ትስላለች፣ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ዳስተር ይመጣና ድራሹን ያጠፋዋል። አንድም ቀን የሳለችው ነገር ከሰሌዳ ወርዶ፣ ዕቃ ሆኖ፣ በእጅ ተይዞ አያውቅም። ይኼ ነገር ያንገበግባት ነበር፤ አባቷ እንኳ በቀን አንድ ሱሪ ሰፍተው ይሰቅላሉ።

ዘንድሮ ዕድሉ መጣ። ውጭ አገር ያለ ፋብሪካ የብዙ ዩኒቨርሲቲዎችን ትንንሽ ሥራ ሰብስቦ በአንድ ቺፕ ላይ ሊያትም ሆነ። ከእብናት ገበያ እህል ጭኖ እንደሚመጣው አይሱዙ ማለት ነው፤ መኪናው አንድ፣ ጭነቱ የብዙ ነጋዴ። ለያንዳንዱ ተለክታ መደብ ትሰጠዋለች፤ ከመደቡ ያለፈ አይጫንለትም። ፍጥነቱም ተወስኗል፤ የሚንቀራፈፍ ሥራ ተቀባይ የለውም። ለደብረ ታቦርም አንዲት መደብ ደረሰች። ራቢያና ተማሪዎቿ አንዲት ትንሽ የስሌት ማሽን ነደፉ። ሁሉም ነገር አለቀ፣ አማረ፣ ገባ። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለ፤ መደመሪያው።

«መደመር? ይኼ አንደኛ ክፍል የተማርነው?» እንዳትሉኝ። አዎ እሱው! ሁለት ቁጥር ሲደመር ከአንድ ቤት ይጀመራል፤ ዘጠኝና ሰባት አሥራ ስድስት፣ ስድስቱ ይጻፋል፣ አንዱ በእጅ ይያዛል። የአሥር ቤቱ ያን በእጅ የተያዘውን አንድ ሳይቀበል ምኑን ይጨርሳል? የመቶ ቤቱ ደግሞ የአሥሩን ይጠብቃል፣ የሺው የመቶውን። ማሽንም እንደኛው ነው፤ የሚያውቀው ዜሮንና አንድን ብቻ ይሁን እንጂ እሱም ይይዛል፣ ያሳልፋል፣ ይጠብቃል። የራቢያ መደመሪያ አሥራ ስድስት ቤት አለው፤ አሥራ ስድስተኛው ያች በእጅ የተያዘችው አንድ እስክትደርስለት እንደ ወፍጮ ቤት ወረፋ ተገትሮ ይውላል። መደቧ ላይ ይገባል፤ ግን ይንቀራፈፋል።

ራቢያ ምን አደረገች? አሥራ ስድስቱን ቤት አራት አራት አድርጋ በአራት ሠፈር ከፈለቻቸው። የመጀመሪያው ሠፈር የሚጠብቀው የለም። ሌሎቹን ሠፈሮች ግን «አትጠብቁ!» አለቻቸው። «ሁለት መልስ አዘጋጁ። አንዱን በእጅ የተያዘው አንድ ቢመጣ ብላችሁ፣ አንዱን ባይመጣ ብላችሁ። ሲደርስ ትክክለኛውን ታነሣላችሁ፣ አለቀ።» ፈጠነ! አቤት ሲፈጥን! ግን ሁሉ ነገር እጥፍ ሆነና ከመደቧ ተርፎ ፈሰሰ። ተራ የሚጠብቀው ይገባል፣ አይፈጥንም። እጥፉ ይፈጥናል፣ አይገባም። ወር ሙሉ ስታለቅስ ከረመች ብላችሁ ማጋነን አይሆንብኝም።

ዓርብ ዕለት የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሀብታሙ ቢሮው ጠራት። ሀብታሙ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው፣ ያም አንዳንዴ ከክፋት ይብሳል።

«ራቢያ፣ ተራ የሚጠብቅ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አለ። የማስገቢያው ጊዜ እሑድ ማታ ያልቃል። እሑድ ከሰዓት ካልተሳካላችሁ መደቧን ለቀናል ብዬ እጽፋለሁ። ሳይሠሩበት ይዞ መቀመጥ ነውር ነው።»

«እሑድ እኮ የእትየ ዘነበች ወንድ ልጅ ሠርግ ነው!»

«እኔም ተጠርቻለሁ» አለ ሀብታሙ። «እዚያው ትነግሪኛለሽ።»

ቅዳሜ ራቢያ ኮምፒውተሯን ዘግታ እትየ ዘነበች ግቢ ገባች። ቀርታ ቢሆን ሠፈሩ ዕድሜ ልኳን አይምራትም ነበር። እትየ ዘነበች ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤት ናቸው፤ እሳቸው ክርስቲያን፣ የራቢያ ቤት ሙስሊም። በዚያ ሠፈር ደግሞ ድግስ ሲደገስ ለሙስሊሙ እንግዳ በጉ በሙስሊም እጅ ይታረዳል፣ ወጡም ለብቻው ይሠራል። የእትየ ዘነበች ድግስ ሲሆን በጉን የሚያርዱት አቶ ኑሩ ናቸው፣ የወጡ ኃላፊ ራቢያ። ሁልጊዜ ሁለት እሳት፣ ሁለት ሽንኩርት ከታፊ፣ ሁለት ድስት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁሉም ነገር ለየብቻ ነበር።

ዘንድሮ ግን መንገዱ ሲሰፋ ግቢያቸው ተቆረጠና ግማሹ ቀረ። ዳሱ የቀረችውን ያዛት። እትየ ዘነበች እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

«ወይኔ ጉዴ! የት አባቴ ልጣደው? አንዱን ድስት ስጥድ ለአንዱ ቦታ የለኝ! እንግዳዬን ጦሙን ልሰደው?»

«ኧረ እትየ ዘነበች፣ አይጨነቁ» አለች ራቢያ፣ ሽንኩርት እያስለቀሳት። «ሽንኩርቱን ማን ለያየው? በርበሬውንስ? ዘይቱንስ? ትልቁን የእናቴን ድስት አመጣለሁ፤ ቁሌቱን ሁሉ በአንድ እሳት እናብስለው። ሥጋው ሲመጣ ያኔ ለሁለት እንከፍለዋለን። ሥጋው እስኪገባ ድረስ እኮ ወጡ አንድ ነው!»

«ሰው ምን ይላል?»

«ምን ይላል? ሥጋው አልተነካካ! አባን ይጠይቋቸው።»

አቶ ኑሩ ከአጥሩ ማዶ «እውነቷን ነው፣ ምን ችግር አለው» አሉ። ትልቁ ድስት መጣ፣ ተጣደ፣ ሽንኩርቱ መንጫጫት ጀመረ። ራቢያ ማማሰያውን ይዛ ታማስላለች፤ ነገ ከእብናት ስለምትመጣው ሙሽራ ስለ እመቤት፣ ስለ እብናት ሙቀት፣ ስለ ሁሉም ታወራለች። ድንገት እጇ ቆመ።

«ምን አልኩ ቅድም?»

«ምኑን?» አሉ እትየ ዘነበች።

«ሥጋው እስኪገባ ድረስ ወጡ አንድ ነው አልኩ አይደል?»

«አልሽ። አማስይው እንጂ፣ ያርርብሻል!»

«ያ አላህ!» አለች ራቢያ። «ያ አላህ! ምን ዓይነት ደደብ ነኝ! ሁለቱ መልሶችም እኮ አንድ ናቸው! ልዩነታቸው አንድ ብቻ ናት! ለምንድን ነው ሁለቴ የምደምረው? አንዴ ደምሬ፣ መጨረሻ ላይ አንድ የምትጨምር ትንሽ ነገር ባስቀምጥስ?» ማማሰያውን እንደያዘች በሩን ጥሳ ወጣች። ከኋላዋ እትየ ዘነበች «አንች ልጅ! ማማሰያዬን!» እያሉ ጮኹ፤ ማን ሊሰማ። እሳቸውም በጭልፋ ሲያማስሉ ቆዩ።

አዳነ ተጠርቶ ቤቷ ሲደርስ ራቢያን በርበሬ በነካው ጣቷ ኮምፒውተሩን እየደበደበች አገኛት። አዳነ አብሯት የሚያስተምር የገሳይ ሰው ነው፤ የሰው ደስታ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መቸለስ ተሰጥኦው ነው። የሳለችውን አየ፣ ስልኩን አወጣ፣ ፈልጎ አሳያት።

«ራቢያ፣ ይኼ እኮ የታወቀ ዘዴ ነው። ሰው ስንት ጊዜ ጽፎበታል። እንዲያውም አምና አንብቢ ብዬ ልኬልሽ ነበር።»

«አንብቤዋለሁ መሰለኝ!»

«አንብበሽ?»

«አንብቤ አለፍኩት! አልገባኝማ! አሁን ግን ገባኝ፣ ሆዴ ድረስ ገባኝ! አትሣቅ፣ ና ተቀመጥና ሁለተኛውን ረድፍ እንሰርዝ!»

ሰረዙ። እጥፍ ሆኖ የነበረው ሁሉ እየተቆረጠ ወደቀ፤ በምትኩ አንድ የምትጨምረው ትንሽዋ ሰርኪት ገባች። ያስቸገረው ነገር እየሳሳ ሲሄድ ራቢያ ወንበሯ ላይ መቀመጥ አቃታት፤ ትነሣለች፣ ትቀመጣለች፣ አዳነን ትከሻውን ትመታዋለች። ጀምበር ሳትጠልቅ ወደ ድስቷ ተመለሰች፣ ማማሰያውንም ይዛ፤ የቀረውን አዳነ ሲቆራርጥ አደረ።

እሑድ ሠርጉ ደመቀ። ሙሽራዋ ከእብናት መጣች፣ እልልታው ቀለጠ፣ ዳሱ ሞላ። ራቢያ በስተግራ ያሉትን ሙስሊም እንግዶች ታስተናግዳለች፤ ኮምፒውተሯ ከዳሱ ጀርባ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ይሠራል። የፋብሪካው መመርመሪያ ፕሮግራም ቀርፋፋ ነው፤ መጀመሪያ ቦታውን ይለካል፣ ከዚያ ፍጥነቱን። አዳነ አንድ እጁ ላይ እንጀራ ጠቅልሎ ይጠብቀዋል።

«ራቢያ!» አላት በምልክት። ትሪዋን አስቀምጣ ሮጠች።

ቦታው ገብቷል! ከመደቧ አንዲት ጠርዝ እንኳ አላለፈም። ራቢያ ዘለለች፤ አዳነም ራሱን ረስቶ እንጀራውን ወደ ላይ ወረወረ። ዶክተር ሀብታሙ ከተቀመጠበት በመጋረጃው ክፍተት አያቸውና «ፍጥነቱስ?» አለ በዓይኑ። የፍጥነቱ ውጤት ወጣ። ወደቀ። በጣም አይደለም፣ በጥቂት፤ ግን መውደቅ መውደቅ ነው።

 ሀብታሙ ተነሥቶ መጣና አየው። «አዝናለሁ፣ ከልቤ ነው። ምርቃቱ እንዳለቀ እጽፋለሁ» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ስልኩን አውጥቶም መልእክቱን ከወዲሁ መጻፍ ጀመረ።

ምርቃቱን የሚያደርሱት የሙሽራው አባት፣ የእትየ ዘነበች ባል ጋሽ ይሻው ናቸው። ጋሽ ይሻው ሲመርቁ አያልቅም። እግዜርን፣ ታቦቱን፣ መሬቱን፣ ዝናቡን፣ ላሟን፣ ጥጃዋን ሳይጠሩ አይቀመጡም፤ የሠፈሩ ጎረምሳ «ምርቃቱ ሲጀመር የተፀነሰ ልጅ ሲያልቅ ይወለዳል» እያለ ያማቸዋል። ዳሱ ዝም አለ። ጋሽ ይሻው ተነሡ።

ራቢያ ጆንያው ላይ ተደፍታ ነበር። «ማነው የሚያዘገየን?» አለች። «አዳነ፣ ማነው?»

«እያየሁ ነው። መጀመሪያ ያለው ሠፈር ነው። አራቱን ቤት ተራ በተራ እስኪያልፍ ሁሉም ይጠብቀዋል።»

«ኋለኞቹስ ምን ይሠራሉ?»

«ምንም። ቀድመው ጨርሰው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።»

ሁለቱም ተያዩ።

«ታዲያ ለምን እኩል አካፈልኳቸው?» አለች ራቢያ ቀስ ብላ። ከዚያ ጮኸች፤ «ለምንድን ነው አራት አራት ያደረግኳቸው?»

«የሠርግ አስተናጋጅ ስለሆንሽ ነዋ! በየትሪው አራት ሰው ማስቀመጥ ለምዶብሽ!» አለ አዳነ። ሊቀልድ ነበር፤ ግን እውነቱ ነው። ራቢያ ከልጅነቷ ጀምራ ዳስ ውስጥ እንግዳ አራት አራት እያደረገች ስታስቀምጥ ያደገች ናት፤ አሥራ ስድስት ቤት ሲሰጧት እጇ ሳያስብ አራት ትሪ ዘረጋላቸው። አንድም ቀን ለምን ብላ አልጠየቀችም።

«ፊተኞቹን ሁለት ሁለት!» አለች። «ቶሎ ጨርሰው ያሳልፉ። ኋለኞቹ ለሚጠብቁበት ጊዜ ሥራ ይሰጣቸው። ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት! ደምረው!»

«አሥራ ስድስት» አለ አዳነ። ቆራረጡት፣ ሰፉት፣ መመርመሪያውን እንደገና አስነሡት። አሁን መጠበቅ ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ እንደ ልማዱ ይንፏቀቃል።

«ዝናቡን የምሕረት ያድርገው!» ይላሉ ጋሽ ይሻው።

«አሜን!»

«ያረሳችሁት ይብቀል፣ የዘራችሁት ይጽደቅ!»

«አሜን!»

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ራቢያ የጋሽ ይሻው ምርቃት እንዳያልቅ ጸለየች። ላሟ ተመረቀች። ጥጃዋ ተመረቀች። ቦታው ተለካ፣ ገባ፤ ፍጥነቱ ገና ነው። ጋሽ ይሻው ድምፃቸው ዝቅ፣ ወደ መዝጊያው ቀረብ አሉ። ሀብታሙ ስልኩን አንሥቶ አውራ ጣቱን መላኪያው ላይ አደረገ።

ራቢያ በጓሮ በኩል ዞራ እትየ ዘነበችን ነጠላቸውን ያዘቻቸው። «እትየ ዘነበች፣ በሞቴ ምርቃቱን ያስረዝሙልን! ትንሽ ብቻ! ሕይወቴ ናት!»

እትየ ዘነበች ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ልጅቱ ግን ሕይወቴ ብላለች። ቀና ብለው በዳሱ መሐል ጮኹ፤ «ወጥ ሠሪዎቹስ? ለሁለት ቀን ጢስ የበላቸውን ሳይመርቁ ሊቀመጡ ነው?»

«እውነትሽን ነው!» አሉ ጋሽ ይሻው፤ ተቃንተው እንደገና ጀመሩ። ዳሱ በሆዱ አቃሰተ። ወጥ ሠሪዎቹ ተመረቁ፣ ጠጅ ጣዮቹ ተመረቁ፣ ዳስ የሠሩት፣ ወንበር ያዋሱት፣ ውኃ የቀዱት ተመረቁ። ጋሽ ይሻው ትንፋሽ ሊወስዱ ዝም አሉ። በዚያች ዝምታ መሐል ነው ከዳሱ ጀርባ ጩኸቱ የወጣው።

«ገባ! ገባ! ፈጠነም፣ ገባም! አዳነ፣ አልፏል! ያ ረቢ፣ አልፏል!»

እንግዳው ሁሉ ዞረ። ራቢያ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወድቆ፣ ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን ታቅፋ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ምርቃት ማቋረጥ በዚያ አገር ነውር ነው፤ አቶ ኑሩ በሐፍረት ግንባራቸውን ያዙ። ዶክተር ሀብታሙ ብድግ አለ። ሁሉም ሊቆጣት ነው ብሎ ጠበቀ።

«ቦታውም?» አለ።

«ቦታውም!»

«ፍጥነቱም?»

«ፍጥነቱም! ይኸው፣ ይዩት!»

ሀብታሙ አየው። ደጋግሞ አየው። ከዚያ የጻፈውን መልእክት ዓይኗ እያየ አጠፋው። «ምን ትጠብቂያለሽ ታዲያ?» አለ ያ ደረቅ ሰው። «ላኪው!»

ላከችው። ትንሽ ቆይቶ «ሥራችሁን ተረክበናል፤ ከደብረ ታቦር የመጣው ታትሞ ይደርሳችኋል» የሚል መልስ መጣ። አዳነ ጮክ ብሎ በአማርኛ አነበበው፤ እትየ ዘነበችም የምን እንደሆነ ሳይጠይቁ እልልታቸውን ለቀቁት።

ጋሽ ይሻው ግራ ገብቷቸው እጃቸው አየር ላይ ቀርቷል። «እንግዲህ የጀመርኩትን ምርቃት ለማን ልጨርሰው? ልጅቱ ወለደች እንዴ?»

«ወለድኩ ጋሽ ይሻው! ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አቋረጥኩዎት፣ ግን ወለድኩ! ስንት ዓመት ያረገዝኩትን!»

ይኼኔ ሙሽራዋ እመቤት፣ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ የዋለችው የእብናት ልጅ፣ ቀና አለችና ሣቀች። «አባባ፣ ከመጀመሪያው ይጀምሩልን። ለሁለታችንም ይድረስ።»

ዳሱ በሣቅ ፈረሰ። ጋሽ ይሻው ግን አልሣቁም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቀው አያውቁም። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ራቢያን ከሙሽሮቹ አጠገብ ከነኮምፒውተሯ አቆሟት፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ ከመጀመሪያው ጀመሩ። የሚበሉት ሁሉ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ወልደሽ ሳሚ፣ አሳድገሽ ዳሪ!» ሲሉ ከቀኝ «አሜን!» ከግራ «አሚን!» ተባለ፤ ከሁሉ በላይ የጮኹት ደግሞ አቶ ኑሩ ነበሩ። ራቢያ ኮምፒውተሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ እንባዋ እየወረደ፣ እያንዳንዷን ምርቃት ተቀበለች።